ጥይት፣ ቢላና የደጋ አጋዘን ሥጋ

በአውሮፓም ሆነ በሰሜን አሜሪካ አጋዘን የሚያድኑ ሰዎች ሲገናኙ ከማይጠግቧቸው ክርክሮች አንዱ፣ ጥይቱ የት ቢያርፍ ሥጋው በብዛት ይተርፋል የሚለው ነው። አዳኙ ራሱ በላተኛ ስለሆነ ክርክሩ የጓዳ ክርክር ነው፤ ወርቹ ተበላሸ፣ ሽንጡ ተረፈ፣ ሆዱ ተበሳ እየተባለ በኪሎ ይሰላል። መልሱም ከሞላ ጎደል የታወቀ ነው፦ ከፊት እግሩ ጀርባ፣ በጎድኖቹ መካከል አልፎ ሳንባና ልብን። ይህን መልስ ይዞ ከሮቤ በጎባ በኩል ወደ ደጋው የሚወጣ ሰው ግን ስሌቱ ይፋለስበታል። ባሌ ላይ የሚተኩሰው ሌላ፣ የሚበላው ሌላ ነው። በሁለቱ መካከል ደግሞ ቢላ አለ። ቢላው በሰዓቱ ካልደረሰ፣ ጥይቱ የቱንም ያህል በትክክል ቢያርፍ፣ ከመቶ ኪሎ ሥጋ አንዲት ቁራጭ ወደ ድስት ላትገባ ትችላለች።

ነገሩ የአዳኞች ወሬ ብቻ ቢሆን ባልተነሳ። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ ወዲህ ግን አንድ የቆየ ጥያቄ ይበልጥ ይከብዳል፤ ቅርስ በተባለ ተራራ ጎረቤት፣ በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የሌለው እንስሳ ለምን በጥይት ይገደላል? ለዚህ የሚሰጠው የተለመደ መልስ “ማኅበረሰቡ ይጠቀማል” የሚል ነው። ጥቅሙ ሲዘረዘር ገንዘብ፣ ሥራና ሥጋ ይባላል። ስለ ገንዘቡ ክፍፍል ብዙ ተብሏል። ሥጋው ግን እንደ ምርቃት ይጠቀስና ይታለፋል፤ ስንት ኪሎ ነበር፣ ማን በላው ብሎ የሚጠይቅ የለም።

እንስሳው የደጋ አጋዘን ነው፤ በ10 ሳንቲም ላይ ሁላችንም ስናገላብጠው የኖርነው። ሳይንስ ያወቀው ዘግይቶ፣ ያወቀውም በጥይት ነው። አይቮር በክስተን የተባለ እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1908 ገደለው፤ ሪቻርድ ላይዴከር ከሁለት ዓመት በኋላ የገዳዩን ስም ሰጥቶ በሳይንስ መዝገብ አሰፈረው። ያደገ ወንድ ከ180 እስከ 300 ኪሎ ይመዝናል። በጠቅላላው የቀረው ቁጥር በብዙ ግምቶች 4,000 ገደማ ነው፤ ለመጥፋት ከተቃረቡት ተርታም ተመድቧል። ቀንድ ያለው ወንዱ ብቻ ስለሆነ በፈቃድ የሚታደነውም እርሱ ብቻ ነው። አደኑ በፓርኩ ውስጥ አይፈቀድም፤ የሚካሄደው ከፓርኩ ውጭ፣ እንደ አባሼባ ደመሮ፣ ሀንቶ፣ ኦዶ ቡሉና ሸደም በርበሬ ባሉ ቁጥጥር የሚደረግባቸው የአደን ክልሎች ነው። በአርሲ በኩል ሙነሳ ኩኬ አለ።

አዋጅ ቁጥር 541/1999 እና ደንብ ቁጥር 163/2000 ለዚህ አደን ሕጋዊ መልክ ሰጥተውታል። ለአንድ የደጋ አጋዘን የሚከፈለው 15 ሺህ ዶላር ለረጅም ጊዜ በአገሪቱ የአደን ክፍያዎች ራስ ላይ የቆመ ቁጥር ነው። ከዚህ ገቢ 85 በመቶው ለክልሉ፣ 15 በመቶው ለፌዴራል መንግሥት የሚሄድበት አሠራር አለ። ቁስለኛ ሆኖ ያመለጠ እንስሳም እንደተገደለ ተቆጥሮ ይከፈልበታል፤ ይህ ለተኳሹ ጠንካራ ማስጠንቀቂያ ነው። ግን ልብ በሉ፤ ከአዳኙ ኪስ የሚወጣው ገንዘብ በቀንዱና በቆዳው የተነሳ እንጂ በሥጋው የተነሳ አይደለም። ሥጋው ተበላሸም ተረፈም ክፍያው ያው ነው።

እስቲ መጀመሪያ የጥይቱን ነገር እንጨርስ። ወደ ባሌ የሚመጣው እንግዳ የሚይዘው ጠመንጃ ብዙ ጊዜ ትልቅ ነው፤ 300 ማግነም፣ 338 ወይም 375። ደጋው ይህን ያስገድደዋል። የደጋ አጋዘን የሚውለው በአስታ ቁጥቋጦና በኮሶ ዛፍ መካከል ነው፤ ጠዋትና ማታ ብቻ ወደ ገላጣው ብቅ ይላል። ተኳሹ ከአንዱ ሸንተረር ሆኖ ማዶ ያለውን ያያል፤ ርቀቱ 200 ሜትርም 300 ሜትርም ይሆናል። አረሩ ሥጋ ሲነካ እንዲሰፋ ተደርጎ የተሠራ ነው። በጎድኖች መካከል ገብቶ ሳንባ ውስጥ ከሰፋ ጉዳቱ ባዶ በሆነ ቦታ ይቀራል፤ የሚጣለው ጥቂት የጎድን ሥጋ ነው። ወርቹን ከመታው ግን ሌላ ነው። የወርች አጥንት ሲሰበር ስብርባሪው ራሱ እንደ ጥይት ይበተናል፣ ደም በሥጋው ሽፋኖች መካከል ይሰርጋል፣ ወርቹም ዳቢቱም ጠቁሮ እንደ ረጋ ደም ይሆናል። ሁለቱንም ወርች ሰብሮ ካለፈ ከፊተኛው ብልት ለሰው የሚሆን የሚቀረው ጥቂት ነው። ታፋ ላይ የተመታ እንስሳ ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው፤ ምርጡ ሥጋ ይበላሻል፣ እንስሳውም ቶሎ አይሞትም።

ከሁሉም አዳኙን የሚያሳፍረው ሆድ ነው። እንስሳው ያመሰኳል፤ ጨጓራው በፈርስ የተሞላ ነው። ጥይት ሲበሳው ፈርሱ ወደ ሽንጡና ወደ ጭቅናው ይረጫል። ሐሞት ከፈሰሰማ ጉበቱ የተረፈ ቢመስልም አይበላም። ከዚህ በላይ ግን ሆዱን የተመታ እንስሳ ይሮጣል፤ በሐረና ጫካ ጫፍ አንዴ ቁጥቋጦ ውስጥ ከገባ ሰዓታት ያስፈልጋል። በፍርሃትና በሩጫ የቆየ እንስሳ በጡንቻው ያለውን ስኳር ይጨርሳል፤ ከሞተ በኋላ ሥጋው የሚገባውን ያህል አሲድ አያወጣም፣ ይጠቁራል፣ ይደርቃል፣ ቶሎም ይበላሻል። የባሌ ብርድ እዚህ ላይ ትንሽ ይረዳል፤ ሌሊቱን ውርጭ በሚጥልበት አገር ሥጋ በዛፍ ላይ ተሰቅሎ ያድራል። የጠቆረውን ግን ብርድ አይመልሰውም።

በደቡብ አፍሪካ ለሥጋ ገበያ ተብሎ ሚዳቋና መሰሎቿ ሲገደሉ ባለሙያዎቹ ሌሊት በመብራት እየቀረቡ ጭንቅላትን ወይም የአንገትን ላይኛ ክፍል ይመታሉ። ሥጋ ሁሉ ይተርፋል፣ እንስሳውም ሳያውቀው ይወድቃል። ባሌ ላይ ይህን የሚያደርግ ባለሙያ አዳኝ እንጀራውን ያጣል። ጭንቅላቱ ነው 15 ሺህ ዶላር የተከፈለበት። አንገቱና ደረቱ ላይ ያለው ቆዳ ደግሞ ከቀንዱ ጋር ተሰፍቶ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ነው። ስለዚህ ለሥጋ ከሁሉ የሚሻለው ምት ገና ከመጀመሪያው ተዘግቷል። የሚቀሩት ሁለት ናቸው፤ ሳንባ ወይም ወርች። ብዙ ባለሙያዎች ለእንግዳቸው ከፍ ብሎ በወርቹ በኩል እንዲተኩስ ይነግሩታል፤ እንስሳው በቆመበት ይወድቃል፣ ገደል አይገባም፣ ቀንዱ አይሰበርም። የሥጋ ኪሳራው በእነርሱ ሒሳብ ውስጥ የለም።

ይህን ስጽፍ የእኛም የአደን ባህል ከዚህ የራቀ እንዳልነበር ትዝ ይለኛል። በፉከራው የሚቆጠረው አንበሳ፣ ዝሆንና ጎሽ ነበር፤ ግዳይ የሚባለው ስም እንጂ ኪሎ አልነበረም። ገዳዩ ቅቤ ይቀባል፣ ሥጋው ለአሞራ ይቀራል። ፈረንጁ ግድግዳው ላይ የሚሰቅለውን የእኛ ሰው በግጥም ይሰቅለው ነበር፤ ልዩነቱ ይህን ያህል ነው።

አሁን ወደ ቢላው። በባሌ የገጠር ቀበሌዎች አብዛኛው ሰው ሙስሊም ነው፤ በጎባና በሮቤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ጎን ለጎን ይኖራል። ሁለቱም የሚስማሙበት ነገር ቢኖር ሳይታረድ የሞተ እንስሳ በክት መሆኑ ነው። በልማድ ደግሞ አንዱ የሌላውን እርድ አይበላም፤ ልኳንዳ ቤቶቻችን ሁሉ በዚህ የተከፈሉ ናቸው። የደጋ አጋዘን በሁለቱም ዘንድ በባሕርይው አይከለከልም፤ ያመሰኳል፣ ሰኮናው ስንጥቅ ነው። የሚከለክለው አሟሟቱ ነው።

እንግዲህ ሰዓቱን እናስላው። ሳንባውን በትክክል የተመታ አጋዘን ራሱን የሚያውቀው ለጥቂት ሰከንዶች ነው። ከሃምሳ እስከ መቶ ሜትር ሮጦ ይወድቃል። ተኳሹና መንገድ መሪዎቹ ከማዶ ሸንተረር ናቸው። ወርደው፣ ምንጭ ተሻግረው፣ አስታውን እየገፉ፣ በሦስት ሺህ ሜትር ከፍታ ላይ ትንፋሽ እየቆረጣቸው እስኪደርሱ ሃያ ደቂቃ ቢፈጅ አይገርምም። እንስሳው ሞቶ ቆይቷል። ማለትም ለእንስሳው ከሁሉ የራራው፣ በውጭው አዳኝ ስሌትም ከሁሉ ብዙ ሥጋ የሚያተርፈው ምት፣ በደጋው ሰው ዘንድ ከሁሉ ጥቂት ሥጋ የሚሰጥ ሆኖ ያርፈዋል። ወርቹንና አከርካሪውን ተመትቶ በሕይወት የወደቀው ደግሞ በተቃራኒው፤ የፊቱ ብልት ተበላሽቷል፣ ግን ቢላ ይደርስለታል፣ የቀረው ሥጋ ሁሉ ይበላል።

በቁጥር ሲታይ ይበልጥ ግልጽ ነው። 240 ኪሎ የሚመዝን ወንድ እንውሰድ። ታርዶ የተገፈፈ፣ የሚያመሰኳ የዱር እንስሳ ከቁም ክብደቱ ግማሽ ወይም ከዚያ ትንሽ ከፍ ያለውን ይሰጣል፤ 130 ኪሎ ገደማ እንበል። አጥንቱ ሲወጣ መቶ ኪሎ የሚጠጋ ሥጋ ይኖራል፤ ሠላሳ አባወራ ቢካፈለው ለእያንዳንዱ ሦስት ኪሎ ይደርሳል። በሳንባና በወርች ምት መካከል ያለው ልዩነት በዛ ቢባል አሥር፣ አሥራ አምስት ኪሎ ነው። በቢላ መድረስና አለመድረስ መካከል ያለው ልዩነት ግን መቶውም ኪሎ ነው። የውጭው መጽሔት ሙሉ ገጽ የሚፈጅበት ጥያቄ እዚህ ከሁለተኛው ጥያቄ አንድ ስድስተኛ እንኳ አይሞላም።

ታዲያ ቢላ እንዲደርስ ተብሎ እንስሳው ቁስለኛ ሆኖ እንዲቆይ ይተኮስ? አይሆንም። የቆሰለ ወንድ አጋዘን በዚያ ቁጥቋጦ ውስጥ ከጠፋ ሥጋም ቀንድም የለም፤ ጭካኔው ብቻ ይቀራል። እኔ የሚታየኝ ሌላ ነው፤ ጥይቱ ባለበት ይቆይ፣ መቅረብ ያለበት ቢላው ነው።

ለዚህ የሚረዳው ዕውቀት ከውጭ መምጣት የለበትም። በእስልምና ሕግ የአደን ምዕራፍ የቆየና በጥልቀት የተሠራበት ነው። መሠረቱ ተወርውሮ የወጋ ስለታም ነገር የገደለው አደን ይበላል፣ በምት ክብደት ብቻ የተቀጠቀጠ አይበላም የሚል ነው። ጥይት ሲመጣ ሊቃውንቱ ከየትኛው ይመደብ ብለው ተከራከሩ፤ እንደ የመኑ ሸውካኒ ያሉት ወግቶ ስለሚያልፍ ይፈቀዳል አሉ፣ ዛሬም ብዙዎቹ የሚሄዱት በዚህ ነው። በባሌ ሰፊ ተከታይ ባለው የሻፊዒ መዝሀብ አዳኙ አደኑን በሕይወት ካገኘው ማረድ ግዴታው ነው፤ ቢላ ስላልያዘ ቢሞትበት ሰበብ አይሆነውም፣ ሥጋው ሐራም ነው። ሮጦ ሲደርስ ሞቶ ካገኘው ግን፣ ተኳሹ እርዱ የሚበላለት ሰው እስከሆነ ድረስ፣ ምቱ ራሱ እንደ እርድ ይቆጠራል። ችግሩ እዚህ ላይ ነው፤ ተኳሹ ከቴክሳስ ወይም ከማድሪድ የመጣ፣ እምነቱ የማይታወቅ ሰው ነው። የመጽሐፉ ሰዎች፣ ማለትም የክርስቲያንና የአይሁድ፣ አደን ይበላል የሚል ሰፊ አስተያየት ቢኖርም፣ የአገራችን ልማድ ከመጽሐፉ ይልቅ ጥብቅ ነው። ይህን የሚፈቱት የየቀበሌው ሸኾች እንጂ የአደን ድርጅት አይደለም። ግን ማንም ሄዶ ካልጠየቃቸው አይፈቱትም። አደኑ ከመጀመሩ በፊት፣ ፈቃዱ ሲሰጥ፣ ቀበሌው ይህን ሥጋ በምን ሁኔታ ይበላል ብሎ መጠየቅ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው።

ሌላው የቢላ ጉዳይ ራሱ ቆዳው ነው። በጉሮሮ ላይ በአግድም የሚያልፍ ቢላ የሚሰቀለውን አንገት ያበላሻል። አንዱ የሚከፍልበትን ሌላው ለመብላት መቁረጥ አለበት፤ በገንዘብ የማይመጣጠን ክርክር ስለሆነ ማን እንደሚያሸንፍ መገመት አያዳግትም። መውጫው ግን ከባድ አይደለም። ቆዳውን በቁመት ሰንጥቆ ከሥሩ ጉሮሮውንና የደም ሥሩን መቁረጥ ይቻላል፤ ዝቅ ብሎ በደረቱ አጠገብ ማረድም ለግመል የታወቀ ሥርዓት ነው፣ በሻፊዒ ዘንድ ለሌላውም ያገለግላል። ቆዳ ሰፊው የሚጨምረው ጥቂት ስፌት ነው። ዋናው ነገር እንግዳው ይህን በካምፑ ቡና ላይ እንጂ እንስሳው ከወደቀ በኋላ በግርግር እንዳይሰማው ነው።

የክርስቲያኑ በኩል ሌላ መልክ አለው። ዝናብ ከቆመ በኋላ ያለው የአደን ወቅት ኅዳር አጋማሽ ላይ ከሚገባው የነቢያት ጾም ጋር ይገናኛል፤ የካቲትና መጋቢት ደግሞ ዐቢይ ጾም ነው። የጎባው መንገድ መሪ በስመ አብ ብሎ ቢያርድ እንኳ ለዕለቱ አይቀምሰውም፤ ቋንጣ አድርጎ ጾሙ እስኪፈታ ማቆየት አለበት። ለቋንጣ የሚሆነው ደግሞ ያልጠቆረው፣ ደም ያልሰረገበት የኋላ ታፋና ሽንጥ ነው። እንግዲህ ጾመኛውን ጥይቱ የት እንዳረፈ ከሙስሊሙ ጎረቤቱ ይልቅ ያሳስበዋል ማለት ነው።

ከፈቃዱ አደን ጎን ያለፈቃድ የሚደረገውን ሳያነሱ ማለፍ ሐቅ መደበቅ ይሆናል። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ በዲንሾና በጋይሳይ ሜዳ የደጋ አጋዘን በብዛት ተገደለ፤ የፓርኩ ካምፖችም ተዘረፉ። መሣሪያው ክላሽንኮቭ ነበር። የጦር ሜዳ ጥይት አይሰፋም፤ ቀጥ ብሎ ያልፋል፣ ሥጋ ብዙ አያበላሽም፣ ግን በዚያው ልክ እንስሳውን ወዲያው አይጥልም። ያን ጊዜ ቆስለው ጫካ የገቡትን የቆጠረ የለም። ቁጣው ደግሞ ያለ ምክንያት አልመጣም። አጋዘኑ ሌሊት ገብሳቸውን የሚበላባቸው ገበሬዎች ከእንስሳው ያገኙት ነገር እምብዛም አልነበረም። ዛሬም 85 በመቶው ወደ ክልሉ ቢሄድም ገንዘብ በበጀት መንገድ አልፎ፣ ዓመት ቆይቶ፣ መልኩን ቀይሮ ነው የሚመለሰው፤ ከተመለሰ። ሥጋ ግን በዚያው ቀን፣ በፈረስ ተጭኖ፣ በዓይን እየታየ የሚደርስ ነው። ሦስት ኪሎ ሥጋ ገብሱን አይተካለትም፤ አጋዘኑ የማን እንደሆነ ግን በደንብ ይነግረዋል።

አንድ የመጨረሻ ነገር አለ፣ ይኸውም እርሳስ። ዴንማርክ እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2024 ጀምሮ በእርሳስ ጥይት ማደንን ከልክላለች። ምክንያቱን ለማወቅ እ.ኤ.አ. በ2009 በአሜሪካ የወጣ አንድ ጥናት ማየት ይበቃል። በእርሳስ ጥይት ከተገደሉ 30 አጋዘኖች የተዘጋጀው የተፈጨ ሥጋ በኤክስሬይ ሲታይ ከ234 ጥቅሎች 32 በመቶዎቹ የብረት ስብርባሪ ተገኘባቸው። ሥጋውን የበሉ አሳማዎች በደማቸው እርሳስ ከፍ አለ። ስብርባሪው ከቁስሉ አጠገብ ብቻ አይቀርም፤ ከአንድ ስንዝር በላይ ይርቃል፣ በዓይን አይታይም፣ በጥርስ አይሰማም። አጥንት የመታ ጥይት ደግሞ ይበልጥ ይበተናል፤ ስለዚህ ያ “በቆመበት የሚጥለው” የወርች ምት ለተካፋዩ ቤተሰብ ሁለት ጊዜ መጥፎ ነው። ሕፃናትና ነፍሰ ጡሮች ከሁሉ ይጎዳሉ። በየቦታው የሚጣለውን ሆድ ዕቃ የሚበሉት የባሌ ጥንብ አንሳዎችም ከዚህ አያመልጡም። ከመዳብ ብቻ የተሠራ አረር ግን እምብዛም አይሰባበርም፤ በገበያ ላይም ከዋለ አሥርት ዓመታት አልፈዋል፣ እነዚያኑ ትላልቅ ጠመንጃዎችም ይስማማል። ለአንድ እንስሳ 15 ሺህ ዶላር ለሚከፍል ሰው የዋጋው ልዩነት ከቁም ነገር አይገባም።

ከአደኑ በኋላ ስካውቱ የቀንዱን ርዝመት በሜትር ይለካል፣ ይመዘግባል። በዚያው ወረቀት ላይ አራት መስመር ቢጨመር ለዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣኑም ለኦሮሚያ ደንና ዱር እንስሳት ኢንተርፕራይዝም ከባድ አይሆንም፦ ጥይቱ የት አረፈ፣ አረሩ ከምን የተሠራ ነው፣ ማን አረደው፣ ስንት ኪሎ ለማን ደረሰ። ሁለት ሦስት የአደን ወቅት እንዲህ ከተመዘገበ “ማኅበረሰቡ ይጠቀማል” የሚለውን ደጋግመው የሚናገሩት ሰዎች የሚያሳዩት ቁጥር ይኖራቸዋል፤ ወይም ቁጥር እንደሌላቸው ይታወቃል።